ሰባት ልጆችና አንዲት ጠባሳ

በዚያ ሰሞን በእጄ የወደቀው ድምር ዘጠና ስምንት ቀን ነበር። ሰባት ልጅ፣ ለአንድ ልጅ አስራ አራት ቀን፤ ሰባት ጊዜ አስራ አራት ዘጠና ስምንት። ከሚያዝያ አጋማሽ ጀምሮ ቢቆጠር ሐምሌ ሊያልቅ ሲል የሚያበቃ የሕመም ዘመን ማለት ነው።

መቁጠር ይዞኝ የተወለደ አመል ነው። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ የድንኳኑን ካስማ የሚቆጥር ሰው አጋጥሟችሁ ከሆነ እኔ ሳልሆን አልቀርም። ቅዳሴ ቆሜ የቄሱን እርምጃ እቆጥራለሁ። የቀበሌ ስብሰባ ላይ ጓድ ሊቀ መንበሩ «በተጨማሪም» ያሉትን እቆጥራለሁ፤ አንድ እሑድ አርባ ሦስት ደርሶልኛል። አትፍረዱብኝ፤ ያሳደገኝ መቁጠር ነው። ኮልፌ ስገባ ሀብቴ ሁለት እጅና አንድ መዶሻ ነበር። ከቆሼ ባዶ ጣሳ እየለቀምኩ፣ እየቀጠቀጥኩና እየዘረጋሁ ለሰው ጓዳ ክዳን፣ ለዶሮ ቤት ግድግዳ እሸጥ ነበር። አንዷን ጣሳ ሳልቆጥር ያደርኩበት ቀን ቢኖር ዛሬ የምጽፍበት ጠረጴዛ ባልኖረኝ። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ቆጥሮ የተሳሳተ ሰው ጨርሶ ካልቆጠረው ይብሳል። ያልቆጠረው ቢያንስ ይጠራጠራል።

ግቢያችን ሦስት ቤት ነው። አንዱ የእኔ፣ ሁለቱ ድሮ የእኔ የነበሩና ዛሬ የቀበሌ የሆኑ። ሰዎቹ ግን መልካም ጎረቤቶች ናቸው፤ ከእነሱ ጋር ቂም የለኝም፣ ቂሜ ከግድግዳው ጋር ነው። በሦስቱ ቤት ውስጥ ሰባት ልጆች ይርመሰመሳሉ። ከሰባቱ አንዷ፣ የእትዬ ብርቄ የመጨረሻ ልጅ፣ አንድ ጠዋት ሆዷ ላይ ውሃ የቋጠሩ ትንንሽ ፍንጣቂዎች ይዛ ተነሣች። ከሰዓት በኋላ ጀርባዋ ላይ ደረሱ፤ በማግስቱ ፊቷን አለበሷት። ጉድፍ ነው። አንዳንዱ ሰው የውሃ ፈንጣጣ ይለዋል።

ጉድፍ እንዴት እንደሚሄድ ከልምድ እናውቃለን። አንዱ ልጅ ላይ ወጥቶ ሁለት ሳምንት ያህል ዝም ይላል፤ ጠፋ ስትሉ ሌላኛው ላይ ብቅ ይላል። እንደ ዕቁብ ነው፣ ለሁሉም ተራው ይደርሰዋል። ዘጠና ስምንትን ያገኘሁት ከዚህ ነው። አሰብ አድርጓት፦ ለዘጠና ስምንት ቀን በዚያ ግቢ የሚያከክ፣ የሚያለቅስና የሚያተኩስ ልጅ አይጠፋም።

መላውን ያመጣችው ራሷ እትዬ ብርቄ ናት።

«ጋሼ፣ ምን ያስጨንቅዎታል? አንድ ላይ ያስተኟቸዋ! አንድ ላይ ይውጣላቸው፣ አንድ ላይ ይገላገሉ። እኛ አገር እንዲህ ነው የሚደረግ። አንዴ የወጣበት አይደገምበት።»

እውነቷን ነው፣ እንዲህ ይደረጋል። ጉድፍ በልጅነት ይቀላል፣ ካልቀረ በጊዜ ይምጣ የሚባል ነገር በየመንደሩ አለ። እኔን ግን የማረከኝ ልማዱ አልነበረም፤ ሒሳቡ ነበር። ሁሉም በአንድ ጊዜ ከያዛቸው እስኪወጣባቸው አስራ አራት፣ እስኪድኑ አስራ አራት፣ በሃያ ስምንት ቀን ነገሩ ያበቃል። ከዘጠና ስምንት ላይ ሃያ ስምንት ሲቀነስ ሰባ። ሰባ ቀን ትርፍ! ጓዶች በስንት ዓመት ዕቅድ ያላገኙትን ትርፍ እኔ በአንድ ፍራሽ ላገኘው ነው።

ባለቤቴ አስካለ ነገሩን ስትሰማ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «አንተ ሰውዬ፣ በሽታ በጥሪ ወረቀት ሲመጣ ዛሬ ባንተ አየሁ» አለች። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለቷ ነበር። እኔም ሴት ልጅ መደመር እንጂ መቀነስ አትወድም ብዬ አለፍኳት። ይህንን ዐረፍተ ነገር ዛሬ ብደግመው ምሳ አላገኝም።

ትልቁን ፍራሽ አውጥተን ሳሎኑ መሐል ዘረጋነው። ስድስቱን ጤነኞች ከታመመችው ጋር አስተኛናቸው። ልጆቹ እንዴት እንደ ተደሰቱ! ትምህርት ቤት የለ፣ ትእዛዝ የለ። በአንድ ባኞ ታጠቡ፣ በአንድ ሳሕን በሉ፣ በአንድ ጨርቅ ላባቸውን ጠረጉ። የጉድፍ ወኪል ብሆን ኖሮ ከዚህ የተሻለ አላስተናግደውም።

ቀጥሎ አስታማሚ መመደብ ነበረብኝ፤ አዋቂ ላይ ሲወጣ ይከፋል ሲባል ሰምቻለሁ። እዚህ ላይ ነው ብልሃቴ ጫፍ የደረሰው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ፈንጣጣ ከአገር ይጥፋ ተብሎ ዘመቻ ሲደረግ በየመንደሩ እየዞሩ ክንዳችንን እንደ ወጉን ታስታውሳላችሁ። ስሙኒ የምታህል ክብ ጠባሳ ትታ ሄዳለች። ፈንጣጣም ጠፋ። እንግዲህ የትልቁን ጦር የመለሰች ጠባሳ ትንሹን ሽፍታ ያቅታታል? ስለዚህ አዋቂዎቹን ሁሉ ደርድሬ ክንድ ማየት ጀመርኩ። ጠባሳ ያላት ታስታምም፣ የሌላት ትራቅ። እትዬ ብርቄ አለፈች። አስካለም በልጅነቴ ጉድፍ ወጥቶብኛል ብትልም ክንዷን አይቼ አሳለፍኳት፤ ሥራ በደንብ ነው።

ሦስተኛዋ ምራቴ እልፍነሽ ናት። ልጄ ተሾመ የአሰብ መስመር ከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ሲሄድ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ወር ይቆያል። በዚያው ሰሞን ለጉዞ ሲነሣ ሚስቱ ለመውለድ ከአራት ሳምንት የማይበልጥ ጊዜ ነበር የቀራት። መኪናውን አስነሥቶ እንደገና አጠፋና ወርዶ «አባዬ፣ አደራ» አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም። የመጀመሪያ ልጃቸው ነው።

«ክንድሽን አሳዪኝ» አልኳት።

«አባባ፣ እኔኮ ጉድፍ ወጥቶብኝ አያውቅም» አለች እጅጌዋን እየሰበሰበች። «ብቻዬን ነው ያደግሁት። የእኛ ቤት ከሰው ቤት ይርቃል፣ የሚያጫውተኝ ልጅ እንኳ አልነበረም።»

«ይቺስ ታዲያ ምንድን ናት?»

«እሷማ የዘመቻው ናት።»

«በቃ! ማኅተም አይደለችም እንዴ? ማኅተም ያለበት ይለፍ።»

ሳቀችና አለፈች። የሰውን አፍ ትቶ ማኅተም ማመን እንግዲህ የኔ ብቻ በሽታ አይደለም። የልደት ምስክር ወረቀት አምጣ ሲሉት «ይኸው እኔ ቆሜያለሁ» ብሎ የተመለሰ ሰው አለ፤ መወለዱ ሳይሆን ማኅተሙ ነበር የተፈለገው።

በአራተኛው ቀን አንዲት ነርስ መጣች። በዚያ ሰሞን ሕፃናት እየተቆጠሩ ለኩፍኝ፣ ለፖሊዮና ለሌላውም ይከተቡ ነበር፤ እሷም ያልተመዘገቡትን ፍለጋ ቤት ለቤት ትዞራለች። ቀጭን ወጣት ናት፤ በትከሻዋ በረዶ ያለበት ሳጥን አንግታለች፤ ጥላ ሳታገኝ አታወርደውም። ሲስተር እንበላት፤ ሁላችንም እንደዚያ ነው የምንጠራት። ሳሎን ገብታ በአንድ ፍራሽ ላይ ሰባት ራስ ስታይ ቆመች።

«ይሄ ምንድን ነው አባባ? መዋዕለ ሕፃናት ነው?»

«ዕቅድ ነው» አልኳት። ሰባውንም ቀን አስረዳኋት። እስክጨርስ አዳመጠችኝና ከልጆቹ አንዷ ስትቧጥጥ ጣቷን ይዛ ጥፍሯን አየች።

«ጥፍራቸውን ቁረጡላቸው። ሲያተኩሳቸው አስፕሪን እንዳትሰጧቸው። አብዛኛው ልጅ በደህና ይወጣዋል፤ ሁሉም ግን አይደለም፤ የቱ እንደሆነ ደግሞ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። የሰው ልጅ በሽታ እንዲይዘው አይጋበዝም አባባ።»

አስካለ ከጓዳ ሆና ጉሮሮዋን ጠረገች።

በዚህ መሐል እልፍነሽ አጥሚት ይዛ ገባች፤ መጀመሪያ ሆዷ፣ ቀጥሎ ሳሕኑ፣ ቀጥሎ እሷ። የሲስተር ፊት ተለወጠ። «አንቺ ጉድፍ ወጥቶብሽ ያውቃል?» ስትላት፣ ምራቴ አፏን ሳትከፍት እኔ ቀደምኩ።

«ተከትባለች! ክንድሽን አሳያት።»

ሲስተር አየች። «አባባ፣ ይሄ የፈንጣጣ ነው።»

«ታዲያስ? ጅቡን የመለሰ ቀበሮ ያሳልፋል?»

«ያሳልፋል እንጂ! የቀበሌያችሁን ጥበቃ ያውቁታል አይደል? የአንድ ሌባ ፎቶግራፍ ሰጥተው ይሄን ያዝ ቢሉት፣ ያንን ሌባ በጨለማ እንኳ አይስተውም። ሌላ ሌባ ሲመጣ ግን ደህና ዋልክ ብሎ በሩን ይከፍትለታል። ክትባት ማለት ፎቶግራፍ ማሳየት ነው። የእሷ ጥበቃ ያየው የፈንጣጣን ፊት ብቻ ነው። ጉድፍን አያውቀውም።»

ጓድ ጥበቃችንን አሰብኩት። በትክክል እንደዚያ ያለ ሰው ነው።

ሲስተር እልፍነሽን ወዲያው ከሳሎን አስወጣቻት። ከዚያ ቁጥር ጀመረች፤ ሰው ቁጥር ሲጀምር ደስ የሚለኝ እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ጆሮዬን መድፈን አማረኝ። ጉድፍ የነካው ሰው ምልክቱ የሚታይበት ከአስረኛው እስከ ሃያ አንደኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው። ለነፍሰ ጡር ከበድ ይላል፤ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ዋናው ግን ይሄ ነው፦ ሽፍታው የሚወጣባት ከመውለዷ አንድ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ከሆነ የእናቲቱ ደም መከላከያውን ሠርቶ ለልጁም ያቀብለዋል። በመውለጃዋ ዋዜማ ወይም በማግስቱ ከሆነ ግን ሕፃኑ በሽታውን እንጂ መከላከያውን ሳይቀበል ይወለዳል። ያኔ ለሕይወቱ ያሰጋል።

ምራቴ ከታመመችው ልጅ ጋር አራት ቀን ውላለች። አራት ላይ ሃያ አንድ ሲደመር ሃያ አምስት፤ ለመውለድ የቀራት ደግሞ አራት ሳምንት አይሞላም። ሁለቱ ቀኖች አንዱ በአንዱ ላይ ሊደርሱ ይችላሉ። ሰባ ቀን ላተርፍ ብዬ የልጄን ሚስትና ገና ዓለምን ያላየ ሕፃን ፍራሹ ላይ አስይዤአለሁ።

«ከሳጥንሽ አንዷን መርፌ ለእሷ ስጪልኝ» አልኳት።

«ለጉድፍ የሚሆን የለኝም። አገራችን ውስጥም የለም። ውጭ አገር ግን ተሠርቷል፤ ጃፓኖች ሠርተውታል ብሎ አስተማሪያችን የነበረ ሐኪም ነግሮናል። እኔ በእጄ ይዤው አላውቅም፤ የሰማሁትን ነው የምነግርዎ።»

አያችሁ፣ ሰው ሲጨነቅ ሁለት ዓይነት ይሆናል፤ አንዱ ያለቅሳል፣ አንዱ ይጠይቃል። እኔ ጠያቂው ነኝ። እንዴት ነው የሚሠራው? ራሱን ጉድፍን ይዘው አቅሙን ያደክሙታል አለችኝ። የሌባው ጥርስ ወልቆ፣ ጉልበቱ ዝሎ፣ ጥበቃው ፊቱን እንዲያጠና ለአንድ አፍታ ግቢ ይገባል። የተወጋው ሰው ክንዱን ሊያመው፣ ትንሽ ሊያተኩሰው፣ ጥቂት ፍንጣቂም ሊወጣበት ይችላል። ሁሉንም ሰው ፍጹም ያድናል ባይባልም ተወግቶም ለሚይዘው ሰው ያቀልለታል። ስንቴ ይሰጣል ስላት እሱን አላውቅም አለች። አላውቅም የሚል ባለ ሙያ ካገኛችሁ አትልቀቁት፤ የሚያውቀውን ሲነግራችሁ ማመን ትችላላችሁ።

«እንግዲያው ልጄ አሰብ ወደብ ይመላለሳል» አልኩ። «ጎማ ያመጣል፣ ቴፕ ያመጣል። ከመርከበኞቹ ይሄንንም አፈላልጎ ያምጣው!»

«በጭነት መኪና? በአሰብ ሙቀት? ከወደቡ ሳይወጣ ይሞታላ!»

«ማን? ልጄ?»

«ክትባቱ ነዋ! ለምን ይመስልዎታል ይሄን በረዶ ተሸክሜ ከፌርማታ እስከዚህ በእግሬ የምንገላታው? ነፍስ ያለው ነገር ነው፤ ካልቀዘቀዘ ውሃ ነው የሚወጉት። ደግሞ ቢመጣም ለእሷ አይሰጥም።»

«ለእሷ? ለእሷ አይደለም እንዴ የምንፈልገው!»

«ጥርሱ ቢወልቅም ሌባ ሌባ ነው አባባ። ነፍሰ ጡር አይወጋትም፤ ለማርገዝ ያሰበች ቀደም ብላ ተወግታ ትቆያለች። ሰውነቱ በከባድ ሕመም የደከመ ሰውም ያለ ሐኪም ውሳኔ አይነካውም። ክትባት ጥሩ ነገር ነው ማለት ለሁሉም ሰው በሁሉም ጊዜ ይሰጣል ማለት አይደለም።»

«ታዲያ ለእሷ ምኗ ነው?»

ወደ ፍራሹ አመለከተች። «እነዚያ ሰባቱ ቢከተቡ ኖሮ እሷን ከማን ይይዛታል?»

እኔ በራሴ ክንድ ያደግሁ ሰው ነኝ። ለራሱ ያልታገለ ለማን ይታገላል እያልኩ ስንቱን ልጅ ተቆጥቼአለሁ። የአንዲት ሴት መድኃኒት በሌላ ሰው ክንድ የሚቀመጥ መሆኑን ያን ቀን ሰማሁ። ሐሳቡ እስከ ዛሬ ያስገርመኛል። እኔ መርፌው ቢገኝ ኖሮ፣ ማንን ነበር መጀመሪያ የማስወጋው? እልፍነሽን! በፍቅር፣ በችኮላ፣ በትልቅ ገንዘብ። ያንን ስህተት ያልሠራሁት መርፌው በእጄ ስላልገባ ብቻ ነው።

በዚያው ቀን እልፍነሽን ዘነበወርቅ ወደምትኖረው አክስቷ ላክናት። ሲስተር አስቀድማ ጠይቃለች፦ ቤቱ ልጅ አለ? የለም። አክስትየዋ ወጥቶባት ያውቃል? በልጅነቷ፣ አዎን። እኔም ክንድ ሳላይ የሴትየዋን ቃል አመንኩ።

ከዚያ በኋላ የቆጠርኳቸውን ቀኖች ለጠላቴ አልመኝም። በየማለዳው ከኮልፌ ዘነበወርቅ በእግሬ እወርዳለሁ፤ በመስኮቱ ቆሜ «እንዴት አደርሽ» እላለሁ፤ «ምንም የለም አባባ» ትለኛለች። ፍራሹ ከተዘረጋ አስረኛው ቀን፣ ምንም። አስራ ሁለተኛው ምንም። መጀመሪያ ምንም ባለችኝ ቁጥር እመቤቴን አመሰግን ነበር። ከአስራ ሦስተኛው በኋላ ግን ሒሳቡ ተገለበጠብኝ። አንድ ቀን ያለ ጉድፍ ባለፈ ቁጥር፣ ጨርሶ ሊቀር ይሆናል የሚለው ተስፋ በአንድ ያድጋል፤ ከመጣ ደግሞ ወደ መውለጃዋ በአንድ ቀን ይጠጋል። አንዱ ቁጥር በአንድ ጊዜ ትርፍም ኪሳራም ሲሆን አይቼ አላውቅም ነበር። ምን ብዬ ልጸልይ? ይቅር ልበል ወይስ ቶሎ ይምጣ?

በአስራ አምስተኛው ቀን ጆሮዋ ሥር አንዲት ውሃ የቋጠረች ፍንጣቂ አገኘች። ደስ አለኝ ብል ታምኑኛላችሁ? በምራቴ ላይ በሽታ ወጣ ሲሉኝ መንገድ ዳር ተቀምጬ «ተመስገን» ያልኩ አማች እኔ ነኝ። አላፊ አግዳሚው ዕቁብ የወጣልኝ ሳይመስለው አልቀረም።

ደስታዬ ሦስት ቀን ቆየ። በአስራ ስምንተኛው ቀን ሳል ጀመራት፤ ትንፋሽ አጠራት፤ ሆስፒታል ገባች። አምስት ቀን ተኛች። ተሾመ ከአሰብ የገባው በሁለተኛው ቀን ነው። አቧራውን ሳያራግፍ ሆስፒታሉ በር ላይ አገኘኝ። ሁሉንም ነገርኩት፦ ፍራሹን፣ ሰባውን ቀን፣ ጠባሳዋን። ቁጡ ልጅ ነው፤ እንዲጮህብኝ ጠብቄ ነበር። ዝቅ ባለ ድምፅ አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ።

«አባዬ፣ ወጥቶብኝ አያውቅም ብላህ ነበር?»

«ብላኝ ነበር።»

ራሱን ነቀነቀና ገባ። ስድብ ቢሆን እችለው ነበር።

በሃያ ዘጠነኛው ቀን፣ ሽፍታው ከወጣ ልክ በአስራ አራተኛው፣ እልፍነሽ ሴት ልጅ ወለደች። ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም። ከራስ ጠጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ ገላልጬ አየኋት፤ አንዲት ነጥብ አልነበረባትም። ሲስተርም መጥታ አየቻትና «ይቺ ከእናቷ ስንቋን ይዛ ነው የመጣችው» አለች።

እንግዲህ ሒሳቡን ልዝጋ፤ ሳልዘጋ ብሄድ እንቅልፍ አይወስደኝም። ፍራሹ ላይ ከተኙት ስድስት ጤነኞች አራቱን በጊዜው ያዛቸው። ሁለቱ እንቢ አሉ። አብረው በልተው፣ አብረው ታጥበው፣ አብረው ተኝተው ምንም ሳይሆኑ ቆዩና አራቱ ሊድኑ ሲሉ ታመሙ። በዕቅዴ በሃያ ስምንት ሊያልቅ የነበረው በአርባ ሁለት አለቀ። ከአራቱ አንዷ ቧጥጣው መግል ይዞባት ግንባሯ ላይ ምስር የምታህል ጎድጓዳ ምልክት ቀርታለች፤ እናቷ አንድም ቀን አልወቀሰችኝም፣ እኔ ግን ያቺን ልጅ ሳያት ግንባሯን እንጂ ዓይኗን ማየት አቅቶኛል። ተሾመና እልፍነሽ ከአራስነቱ በኋላ ዘነበወርቅ ቀሩ። ተቀይመው አይደለም፤ አክስትየዋ ብቻዋን ናት ይላሉ። እሑድ እሑድ ይመጣሉ። ከመግባታቸው በፊት ግን ምራቴ ሕፃኗን አቅፋ ደጃፍ ላይ ትቆምና «አባባ፣ ግቢው ውስጥ ያመመው ልጅ አለ?» ትለኛለች። በትሕትና ነው የምትጠይቀኝ። እኔም ሦስቱንም ቤት ዞሬ አጣርቼ እመልሳለሁ።

ትርፍ፦ ከዘጠና ስምንት አርባ ሁለት ሲቀነስ ሃምሳ ስድስት ቀን። ኪሳራ፦ አምስት ቀን የትንፋሽ እጥረት፣ አንዲት ግንባር፣ በየእሑዱ አንድ ጥያቄ። እናትና ልጅ በሕይወት አሉ፤ እነሱን ግን በትርፉ ረድፍ አላስገባኋቸውም። በሰው አደራ ቆምሮ አደራው የተመለሰለት ሰው አተረፈ አይባልም። አመለጠ ነው የሚባል።